ሃምሳ ዓመት የሚቆይ ቧንቧ

ኢንስፔክተሩ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ ያየው ሬሳውን አልነበረም፤ ቧንቧውን ነው። ነውር ነው፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው። አዲስ ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ግድግዳውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ መጋጠሚያው ላይ የጠብታ ምልክት እንኳ የለም። ኢንስፔክተሩ ቀና። የእሱ ወጥ ቤት ማፍሰስ ከጀመረ ወራት አልፈዋል፤ ሦስት ቧንቧ ሠራተኛ አፈራርቋል። አንዱ ቀብዱን ተቀብሎ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ሁለተኛው በአንድ በኩል ታፈስ የነበረችውን በሁለት በኩል እንድታፈስ አደረጋት። ሦስተኛው ግድግዳውን ቦርቡሮ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብሎ እንደወጣ ነው። ሚስቱ በየጠዋቱ ባልዲውን እየደፋች «አገኘህ ወይ?» ትለዋለች። ታማኝ ቧንቧ ሠራተኛ ማለቷ ነው። ዛሬም ጠዋት ብላዋለች።

«ወዲህ ይበሉ ጌታዬ፣ ውሃውን አይርገጡት» አለ ሳጅኑ። «መብራቱን ከቆጣሪው ዘግተነዋል። ቢሆንም ማን ያምነዋል?»

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታች ያየው። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ቀጫጫ አሮጊት፣ ራቁታቸውን በጎናቸው ወድቀዋል። ቀኝ መዳፋቸው ላይ የሳንቲም የምታህል ጥቁር ቃጠሎ አለች። አፋቸው ክፍት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዙ የኖሩ ሴት ነበሩ አሉ፤ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ሳይጨርሷት ነው የሞቱት።

የተጠራው የመብራት ሠራተኛ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። ቤቱ አሮጌ ነው፤ የውሃ ማሞቂያውም አሮጌ ነው። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ድሮ ሲያሾልክ አንዲት ሽቦ ከብረቱ ቧንቧ ጋር ታስራ ስለነበር የሾለከው ሁሉ በብረቱ አድርጎ መሬት ይገባ ነበር፤ ማንንም አይነካም። ትናንት ቧንቧ ሠራተኛው የዛገውን ብረት አውጥቶ ፕላስቲክ አስገባ። ፕላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

«ስለዚህ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስለዚህ ኤሌክትሪኩ መውጫ አጥቶ የሙቅ ውሃው መክፈቻ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ጠበቀ። ማሞቂያው ገና ሳይስተካከል ባይበራ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር።»

ወሬው ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ ግቢው ለመድረስ አፍታም አልፈጀበት። ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። መሃል ላይ የሟች ወንድ ልጅ ቆሟል፤ ጎሚስታ ነው፣ ክንዱ የመኪና ጎማ በማንሳት የደደረ። እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው አንድ ሰው በጓሮ በኩል እያፏጨ ብቅ ያለው፤ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቷል።

«እማማ! ደህና አደሩ? ሙቅ ውሃውን አልነኩትም አይደል? የኤሌክትሪኩ ሰው ከኋላዬ እየመጣ ነው!»

ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ታማኙ» ይለዋል፤ በሰዓቱ የሚመጣ፣ የጀመረውን የሚጨርስ፣ ስልክ የሚያነሣ ብቸኛው ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ። አሮጊቷ እሱን ለማግኘት ወራት ደጅ ጠንተዋል።

ጎሚስታው የመጀመሪያውን ጥፊ ሲያሳርፍበት ኢንስፔክተሩ በረንዳው ላይ ነበር። ሁለት እርምጃ ቢወርድ ይደርሳል። አልወረደም። በልቡ «ይቺ እንኳ ለኔ ወጥ ቤት ትሁን» አለ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በሰው ልብ ሲያልፍ ማንም አያይም፤ ጥሩነቱ እሱ ነው። ሁለተኛውም ወረደ፣ ሦስተኛውም። ሰውየው ደረጃው ላይ ወደቀ። ጎሚስታው ከሰውየው ከራሱ ቦርሳ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ መዘዘና ድንጋዩ ላይ በተዘረጋው ቀኝ እጅ ላይ አወረደው፤ ደገመውም።

«ተው!» አለ ኢንስፔክተሩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ታማኙን አንስተው ወሰዱት፤ መጀመሪያ ወደ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ እስር። ኢንስፔክተሩ ወደ ወጥ ቤት ገባ። የሟች ሴት ልጅ እዚያ ነበረች፤ አርባ ዓመት የዘለለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር። እንባዋ ደርቋል። እሷ ናት ሬሳውን ያገኘችው፣ እሷ ናት ጮኻ ሰፈሩን የጠራችው።

«ይቀመጡ ጌታዬ። ሻይ ላፍላልዎ።»

«ኧረ አትቸገሪ እህቴ።»

«ምን ችግር አለው።»

ተቀመጠ። ወንበሩ በገመድ የተጠፈረ ነው። እዚህ ቤት ያልተጠፈረ፣ ያልተጠገነ፣ ያልታሰረ ነገር አልነበረም። የመጥረጊያው አንገት በሽቦ፣ የድስቱ ጆሮ በጨርቅ፣ የማንቆርቆሪያው እጀታ በጎማ፣ የመስኮቱ መስታወት በፕላስተር። መደርደሪያው ላይ የተቃኑ አሮጌ ምስማሮች በቆርቆሮ ሞልተዋል፤ ባዶ ፌስታሎች ታጥፈው ተደርድረዋል። ልጅቷ እያወራች ሁለት ያለቁ የሳሙና ስባሪዎችን በጣቶቿ ጨፍልቃ አንድ ሳሙና ታደርጋለች። ይህን የምታደርገው ሳታየው ነው።

«ቧንቧ ሠራተኛው ሲጨርስ የት ነበርሽ?»

«መድኃኒት ቤት። የእማዬን የግፊት መድኃኒት ላመጣ።»

«ማሞቂያውን አትንኩ ብሎ የነገረሽ ነገር አለ?»

«አላገኘሁትም ጌታዬ። ስመለስ ሄዷል።»

«አንቺ ዛሬ ታጥበሻል?» ጥግ ላይ ያለውን እርጥብ የእግር መታጠቢያ ሳፋ አይቶ ነው።

«በሳፋ። ሙቁ ውሃ የእማዬ ነው፤ እኔን ለአንቺ ማንቆርቆሪያው ይበቃሻል ብላኛለች።» ይህን ስትል ቅሬታ የሚባል ነገር በፊቷ ላይ አልነበረም። «እንደዚያ ባትል እኔም ሞቼ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ከንፈሩን መጠጠ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሱ ቀዳ፤ ማንቆርቆሪያው ከእሳት እንደወረደ ነው፣ እጀታው ግን አላቃጠለውም። መዳፉ ላይ የቀረውን ዝገት የመሰለ እድፍ በመሐረቡ ጠርጎ መሐረቡን ኪሱ ከተተ።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ ስልክ ደወለ። «ምን ትጠብቃለህ? በቸልተኝነት ሰው ገድሏል፤ መዝገቡን ዝጋው። ሰው እነዚህን ቧንቧ ሠራተኞች አንቅሮ ተፍቷቸዋል። የኔንም ቤት ያየህ እንደሆነ!»

«እንዳነጋገርኩት እዘጋዋለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ታማኙ እስር ቤቱ ጥግ ቁጭ ብሏል፤ እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ኢንስፔክተሩ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ክሱ አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ሐኪሙ ለእርስዎ የነገረዎት ነገር አለ? ጣቶቼ ይታጠፋሉ?»

«እሱን በኋላ። ማሞቂያው አደገኛ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እንጂ! ብረቱን ሳወጣ የታሰረችውን ሽቦ አየኋት። በጠዋት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዤ መጥቼ መሬት እስክናስገባት ማብሪያዋን ማንም መንካት የለበትም። ስለዚህ አጠፋኋትና ቀይ ጎማ አሰርኩባት።»

«ምን ጎማ?»

«ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የምቆርጠው ጥብጣብ ነው። የማይነካ ነገር ላይ ሁሉ አስራለሁ። በአንዱ ጫፍ ቀዳዳ አበጅቼ ሌላውን ጫፍ አሾልክና ጥብቅ ነው፤ ያለ ጥፍር አይፈታም። እኔ የሠራሁበት ቤት ሁሉ ቀይ ጎማ ካየ እጁን ይሰበስባል።»

«ማብሪያው ላይ ምንም ጎማ የለም። ሳጅኑ ቤቱን አገላብጦታል።»

«አስሬያለሁ! አፈር ስሆን ይመኑኝ። በአፌም ተናግሬያለሁ። ወደ ጓሮ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በታላቅ ድምፅ፣ እማማ፣ እስከ ነገ ማሞቂያው አይነካ፣ ይገድላል! ብያለሁ። ከክፍላቸው ውስጥ እሺ ተብሎልኛል።»

«እሳቸውን አይተሃቸዋል?»

«በሩ ገርበብ ብሏል፤ ድምፅ ነው የሰማሁት። የሴት ድምፅ ነው። በዚያ ቤት ሠራተኛ በፊት በር አይወጣም፤ በጓሮ ነው። ስለዚህ ዞሬ አልተሰናበትኳቸውም።»

አንድ ነገር ኢንስፔክተሩን ወጋ አደረገው። ይህ ሰው ጠዋት እያፏጨ ሲገባ ምን ነበር ያለው? «ሙቅ ውሃውን አልነኩትም አይደል?» ያላስጠነቀቀ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ኢንስፔክተሩ ያን ጊዜም ሰምቶታል፤ ግን ያን ጊዜ ሌላ ነገር ሲመለከት ነበር።

«ጌታዬ» አለ ታማኙ በሩ ሊዘጋ ሲል፤ «ቀኜ ናት እኮ የተመታችው።»

ሳጅኑ የቆሻሻ ገንዳውን ገለበጠ፣ የምድጃውን አመድ በወንፊት ነፋ፣ የፍሳሹን መክደኛ ከፍቶ በእጁ ገባ። ልብሱ እስኪሸት ፈለገ። ጎማ የሚባል የለም። «ውሸቱን ነው ጌታዬ» አለ አፍንጫውን ይዞ።

ውሸቱን ከሆነ የሚያጋልጠው የሙያ ጠላቱ ነው። ታማኙ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ቤት የጀመረ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሰዉ «ጠፊው» ይለዋል፣ ስሙ ሥራውን ይናገራል። አሮጊቷ መንገድ ላይ አግኝተውት በሰው ፊት ከዘራቸውን አንስተው አዋርደውታል። «ያ ቤት ሰው ይበላል፣ ጠብቁ!» ብሎ ሲዝት የሰማ ሰው አለ። ኢንስፔክተሩ አንድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው።

«አለቃዬ፣ እኔ ከአፌ በቀር የሚገድል የለኝም» አለ ጠፊው እየሳቀ። «ትናንት የት ነበርክ ይበሉኛ! እዚያ ማዶ ያለው ክሊኒክ ውስጥ ነበርኩ፤ የጀመርኩትን እንድጨርስ ቆልፈውብኝ።»

ሳጅኑ ክሊኒኩን ጠየቀ፤ እውነት ነው፣ በሩን ቆልፈውበት አድረዋል።

«ስለ ታማኙ ምን ትላለህ?»

የጠፊው ሳቅ ጠፋ። «እሱን ሰውዬ አልወደውም። ደንበኞቼን ሁሉ የወሰደው እሱ ነው። በእሱ የተነሣ ነው እኔ ጠፊ የተባልኩት።»

«መልካም፤ ያቺን ቀይ ጎማ ሳያስር ወጥቶ ያውቃል?»

ጠፊው ብዙ አመነታ። መመስከር ፈልጎ አይደለም፤ መዋሸት አቅቶት እንጂ። «እሱ? ሚስቱ ምጥ ላይ ሆና ሲጠሩት እንኳ ጎማውን አስሮ ነው የሄደው። የምንስቅበት በሷ አይደል! አስሬያለሁ ካለ አስሯል፤ ምን አባቴ ላድርግ።»

እንግዲህ ጎማው ታስሮ ነበር። ታስሮ ከነበረ የፈታው ሰው አለ። የፈታው ሰው ካለ ይሄ ቸልተኝነት አይደለም፤ ነፍስ ግድያ ነው። ኢንስፔክተሩ ይህን ሲያስብ የመጣለት የመጀመሪያው ሰው ክንደ ደንዳናው ጎሚስታ ነበር። ቤቱ እንዲሸጥ ፈልጎ ከእናቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሟል፤ ታማኙን ለመደብደብ የተቻኮለውም እሱ ነው፤ ሰው አንዳንዴ አፍ የሚያዘጋው በጥፊ ነው።

የጎሚስታው ሱቅ ጎማ በጎማ ነው፤ ከመነዳሪው ከጣራ ይንጠለጠላል፣ ቀዩም ጥቁሩም።

«በዚህ ሁሉ መሃል ያንተን ቁራጭ ከፈለግህ ፈልግ» አለ ጎሚስታው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «እኔ ከትናንት በስቲያ ወጥቼ ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት። የከባድ መኪና ጎማ ገጠር መንገድ ላይ ስቀይር ነበር፤ ሹፌሩ ይኸውልህ፣ ረዳቱ ይኸውልህ።»

ሹፌሩ ቅባት በቅባት ሆኖ ከመኪና ሥር ወጣና ራሱን ነቀነቀ።

«ቤቱን ልትሸጥ ፈልገህ ነበር።»

«ፈልጌ ነበር! ለማን ብዬ? ለእህቴ ብዬ። እዚያ ቤት ውስጥ ከነነፍሷ ተቀብራለች፤ ድርሻዋን ይዛ ሰው ትሁን ብዬ። እማዬ ግን ጭራሽ ማሳደስ ጀመረች። በስልክ ምን አለችኝ መሰለህ፣ ታማኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ይሄ ቧንቧ ሃምሳ ዓመት አይነካም ብሎኛል፣ እንግዲህ አርፈህ ተቀመጥ።» አንገቱን ደፋ። «ያ ሰውዬ… እጁ እንዴት ነው?»

ኢንስፔክተሩ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር ይሄ ሁሉ። ሲያመሽ አዛዡ እንደገና ይደውላል፤ ታማኙ እዚያው ጥግ ላይ ጣቱን ለማጠፍ እየሞከረ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ ወደዚያው ሰፈር ተመለሰ። የቀሩት ጎረቤት ብቻ ናቸው፤ የሟች የልብ ወዳጅ፣ ከፊት ለፊት የሚኖሩ ባልቴት።

«ና ግባ ልጄ፣ ምነው አላበህ? ቁጭ በል። ወይ ጉድ! ትናንት እኮ አብረን ነበርን፤ እዚህ በረንዳዬ ላይ። ያ ልጅ ሥራውን እስኪጨርስ ጩኸቱ ራሴን አዞረው ብላ መጥታ፣ እስኪመሽ ስንጫወት ዋልን።»

ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። «ቧንቧ ሠራተኛው ሲሄድ ሟች እርስዎ ጋ ነበሩ?»

«እዚሁ! መዶሻው ዝም አለ፤ በጓሮ በኩል የልጁ ብስክሌት ስትንቃቃ ሰማን። አንድ ሁለት ሐሜት እንጨምር ብላ ቁጭ አለች። በኋላ ነው የሄደችው።»

«ልጅቷስ?»

«ቤት ነበረቻ! ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ነው መድኃኒት ልታመጣ ስትሮጥ ያየኋት። ሊዘጋ ነው ብላ።» ባልቴቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሞተ አይወቀስም፤ ግን ልጄ፣ እናቷ ክፉ ነበረች። ይህቺ ልጅ ሕፃን ሆና አንዲት ስባሪ ሳሙና ብትጥል፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብታ በእጇ እንድትፈልግ አደረገቻት። እስክታገኛት ድረስ። ደግሞ ልጅቷ ስታለቅስ፣ ዛሬ የጣልሽውን ነገ ትፈልጊዋለሽ ትላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህቺ ልጅ ስትጥል ያየሁት ነገር የለም። የብርቱካን ልጣጭ እንኳ አድርቃ ታስቀምጣለች።»

ኢንስፔክተሩ ላቡን ሊጠርግ መሐረቡን አወጣ። ወደ ፊቱ ሲያስጠጋው አንድ ሽታ ሸተተው፤ የሞቀ ጎማ ሽታ። ዘረጋው። ጠዋት ዝገት የመሰለችው እድፍ ቀይ ነች።

ሳጅኑ ቆሻሻውን ሁሉ ፈትሿል። ሞኝነቱ እሱ ነበር። በዚህ ቤት ማንም ምንም አይጥልም።

ልጅቷ ወጥ ቤት ነበረች፤ ብቻዋን። ለቅሶ የመጣው ሰው ሳሎን ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ሳይናገር ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ጎማ ጥላሸት አጥቁሮታል። በጥፍሩ ጎርጉሮ ፈታው። ከሥሩ ቀይ ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ሌላው ጫፍ በቀዳዳው ሾልኮ ነበር የታሰረው።

«መቼ አሰርሽው?»

«ትናንት ማታ» አለች። ልትዋሽ አልሞከረችም። «እጀታው ያቃጥለኝ ነበር።»

«ቧንቧ ሠራተኛው ይገድላል ብሎ ሲጮህ እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። የእማዬን አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። እሺ አልኩት፤ በዚህ ቤት ያደግሁት እሺ እያልኩ ነው። ያን ጊዜ ልነግራት ነበር ያሰብኩት፤ እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ምን መጣ?»

ልጅቷ ተቀመጠች። ጣቶቿ የሳሙና ስባሪ አጥተው እርስ በርሳቸው ይተሻሻሉ ነበር።

«ከጎረቤት ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። ቧንቧውን በእጇ መታ መታ አደረገችና፣ ይሄ ሃምሳ ዓመት አይነካም ብሎኛል አለች። እኔን አጥበሽ ስትጨርሺ አንቺ ታረጂበታለሽ፤ የትም አትሄጂም፣ ማን ይወስድሻል? አለችና ሳቀች። ቀልድ ነው እኮ፤ ስትስቅ ደስ የሚላት በኔ ነው። እኔ ግን ቧንቧውን አየሁት። ሃምሳ ዓመት። ጌታዬ፣ የመጡት ቧንቧ ሠራተኞች ሁሉ ሌቦች ነበሩ፤ ቤቱ በላያችን ላይ ፈርሶ እንገላገላለን ብዬ ነበር። ይሄ ግን ታማኝ ሆነብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ስትተኛ ጎማውን ፈታሁ። ጠዋት፣ ማሞቂያው በርቷል? አለችኝ። በርቷል እማዬ አልኳት። አብርቼው ነበር። እሷ ገባች፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ውሃዬን ሳፋው ላይ ገለበጥኩ።»

«ስትወድቅ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ወዲያው ጮኽሽ?»

ሳፋውን አየች። ከዚያ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ መለሰች። «ውሃው እንዳይቀዘቅዝብኝ እግሬን ታጥቤ ጨረስኩ። ተጣጥቤ ነው የጮኽኩት።»

ከሳሎን ጎሚስታው ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል። ከየት ጀምሮ እንደሰማ አይታወቅም። እናቱን አላነሣም፤ እህቱንም አልነካም። ቀኝ እጁን ብቻ፣ ያን መፍቻ ያነሣበትን እጁን፣ ገልብጦ እያየ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ኢንስፔክተሩ። «መድኃኒት ቤት ነበርኩ ከማለትሽ ጀምሮ፣ ከነልቅሶሽ፣ ሁሉን ነገር አስበሻል። ጎማውን ለምን አልጣልሽውም? ብትጥይው ኖሮ ማንም አያገኝሽም ነበር። ያ ሰውዬ ታስሮ ይቀር ነበር።»

ልጅቷ ምን ማለቱ እንደሆነ ግራ ገብቷት አየችው።

«ደህና ጎማ እኮ ነው» አለች።

ታማኙ በማግሥቱ ተፈታ። አዛዡ «ይቅርታ በለውና ሸኘው» ብሎ ነበር፤ ሌላ የሚለው አልነበረውም። ሐኪሙ ግን ለኢንስፔክተሩ የሚለው ነበረው፤ ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም፣ አውራ ጣቱም መጨበጡን እንጃ። የቧንቧ መፍቻ ደግሞ በግማሽ እጅ አይያዝም።

ሚስቱ በር ላይ ልጅ ታቅፋ ትጠብቀው ነበር። ኢንስፔክተሩ የመሣሪያ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኘው። ቦርሳው ይከብዳል። ታማኙ በግራው ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ያን ዕለት ግቢው ውስጥ… ቶሎ ልደርስልህ ነበር፤ ሰዉ በዝቶ…»

«አይቼዎታለሁ ጌታዬ» አለ ታማኙ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «በረንዳው ላይ ነበሩ። ከመጀመሪያው ጥፊ ጀምሮ አይቼዎታለሁ።»

ቦርሳውን ለሚስቱ አቀበላት። እሷ ልጁን በአንድ ክንዷ ወደ ላይ አነሳችና ቦርሳውን በሌላው አንጠልጥላ ከፊት ከፊት ሄደች።

ኢንስፔክተሩ ቤቱ ሲገባ ውሃው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ እያንጠባጠበ ነበር። ባልዲው ሞልቷል። ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዞር ሳትል፣ እንደልማዷ ጠየቀችው።

«አገኘህ ወይ?»

«አግኝቼ ነበር» አለና ባልዲውን ሊደፋው አነሣ።